ካኪ የለበሱት መጻሕፍት

«ፊደል አትቆጥርም፣ ኮሎኔል። የእሷን ስም ያውጡት።»

ይህን ያለችው የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ሶስና ናት። የቢሮዋ ግድግዳ ኮምፔርሳቶ ስለሆነ ምስጢር አይዝም። ወርቅነሽ ከግድግዳው ማዶ፣ በሁለት መደርደሪያዎች መሀል ቁጢጥ ብላ ወለሉን ስትወለውል ነበርና አንዲት ቃል አላመለጠቻትም። ስለ ማን እንደሚወራ ለማወቅ ስም መጠራት አላስፈለገም። እዚህ ቤት ፊደል የማይቆጥር ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ባልዲ ተሸክሞ የሚዞረው። ይህን የተናገረችው ደግሞ ባዕድ አይደለችም። የእህቷ ልጅ ናት፤ ዛሬ ጠዋት ወርቅነሽ ባሞቀችው ውሃ ፊቷን ታጥባ፣ ወርቅነሽ የቋጠረችላትን ምሳ ዕቃ አንጠልጥላ የመጣች።

«አክስትሽ አይደለችም እንዴ?» አለ ኮሎኔል ክንዴ፣ የጦር ኮሌጁ ምክትል አዛዥ።

«ብትሆንስ? አዲሱ መዋቅር ለጽዳት ሠራተኛ ስምንተኛ ክፍል ነው የሚጠይቀው። ከየክፍሉ አንድ ሰው ይቀነስ ከተባለ፣ ዘመዷን ደብቃ አስቀረች ልባል ነው?»

«አንቺ ካልሽ እኔ ምን ቸገረኝ» አለ፤ ወንበሩም ሲጢጥ አለ። ወርቅነሽ ጨርቁን ጨመቀችው፤ ቆሻሻው ውሃ በክንዷ ወርዶ እጅጌዋ ውስጥ ገባ። አልተነሳችም። ተነስታ በሩን በርግዶ መግባት፣ የሆዷን ዘርግፎ መውጣት ታውቅበታለች፤ አፏ በእንጅባራ ገበያ የታወቀ ነው። ግን የወለሉ ግማሽ ገና አልተነካም፤ ሥራዋን ከመሀል ጥላ ለጠብ ሄደች ተብሎ እንዲወራባት አልፈለገችም። እስከ ጥግ ድረስ ወለወለች። ጥጉን ሁለት ጊዜ ወለወለችው።

ይህን ቤት አሥራ አምስት ዓመት ወልውላዋለች። ቤተ መጻሕፍት ይበሉት እንጂ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር እንኳን ሊያነቡበት ሊያስቡበትም አይቻልም። ዕጩ መኮንኖቹ ቆባቸውን በር ላይ አስቀምጠው ይገባሉ፤ መጽሐፍ ይከፍታሉ፤ ከዚያ ክንዳቸውን ተንተርሰው ያንኮራፋሉ፤ ጎህ ሳይቀድ ሲሮጥ የጀመረ ሰው ምን ያድርግ። መኮንኖቹ ተውሰው ይወስዳሉ፣ አይመልሱም፣ የሚጠይቃቸውም የለም። ለዕጩው ግን አንድ ቀን ቢያሳልፍ የመመረቂያ ወረቀቱ ይያዝበታል። በጭብጨባና በንግግር የገቡ አሥራ ሁለት ኮምፒውተሮች ላስቲካቸውን እንደለበሱ ተቀምጠዋል፤ ኔትወርክ የሚባለው ነገር በዓመት አንዴ ለቅሶ እንደሚመጣ ዘመድ ብቅ ብሎ ይጠፋል። ከባሕር ማዶ በእርዳታ የመጡ መጻሕፍትም አሉ፤ ወርቅነሽ ሥዕላቸውን አይታለች፤ ግማሾቹ ውሻ እንዴት እንደሚታጠብ፣ ግማሾቹ ጽጌረዳ እንዴት እንደሚተከል የሚያስተምሩ ናቸው። ይህን ወታደር ምን እንደሚያደርገው እሷ እንጃ። ቢሆንም ሁሉንም ታውቃቸዋለች፤ በክብደታቸው፣ በሽታቸው፣ በጀርባቸው። ጀርባው የተገነጠለ ስታገኝ ማንም ሳያዛት በወስፌና በሰም በታሸ ክር ትሰፋዋለች። ሶስና መጀመሪያ ያየች ዕለት «መጽሐፍ ስልቻ መሰለዎት?» ብላ ስቃባታለች። የተሰፉት ግን እስከ ዛሬ አልተበተኑም።

ዛሬ ከበላይ መሥሪያ ቤት አንድ ጄኔራል ሊጎበኝ ይመጣል። ሳምንቱን ሙሉ ኮሌጁ ሲታጠብና ሲለሰን ሰነበተ፤ ሶስናም ብልጫ ልታሳይ ፈልጋ መጻሕፍቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ካኪ ወረቀት ይልበሱ ብላ አዘዘች። ወታደር ቤት ስለሆነ መጽሐፉም የደንብ ልብስ ያስፈልገዋል አለች። ኮሎኔሉ አጨበጨበላት። ወርቅነሽ ስትቆርጥና ስታጥፍ ጣቶቿ በወረቀት ጠርዝ ተተለተሉ። በሁለተኛው ቀን አላስቻላትም፤ «ፊታቸውን ከሸፈንሽው በምን ትለያቸዋለሽ?» ብላ ጠየቀች። ሶስና ቀና ሳትል «ርዕሱ በላዩ ይጻፋል። ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ ስንተኛ መደርደሪያ፣ ስንተኛ ረድፍ እንደሆነ ተመዝግቧል። እርስዎ የማያነቡት ነገር አያሳስብዎት» አለቻት። ርዕስ የሚጽፉበት እስክሪብቶ ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ ደረቀ። የቀረውን ለመደርደር ከሰፈሩ ዕጩ መኮንኖች ተጠሩ፤ «በሥርዓት አሰልፉ» ተባሉ፤ እነሱም የሚያውቁት ሰልፍ አንድ ስለሆነ መጻሕፍቱን በቁመት አሰለፏቸው፤ ረጃጅሙን ከወዲህ፣ አጫጭሩን ከወዲያ። የሕግ መጽሐፍ ከውሻ ማጠቢያው ጎን ቆመ። ከበር ላይ ሲያዩት ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ያምራል። ሶስና ከበር ላይ አየችው፤ ተደሰተች፤ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ቦታ እንደፈረሰ ልብ አላለችም።

አራት ሰዓት ላይ የሠራተኛ አስተዳደሩ ሽባባው የሚቀነሱትን ሠራተኞች ዝርዝር ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጠፈ። ሰው ተሰበሰበ። ወርቅነሽ ከኋላ መጥታ ባልዲዋን አስቀመጠችና «የኔ ስም ስንተኛ ላይ ነው?» አለችው። ሽባባው ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈሪ ነው፤ ፈሪ ሰው ደግሞ ጮክ ብሎ አያነብም።

«አራተኛ ላይ ነው፣ እማማ» አለ ወደ መሬት።

«ከላይ ነው ከታች?»

«ከላይ።»

«ጥሩ። ከታች ቢሆን ይከፋኝ ነበር» አለች። የሳቁም ነበሩ። እሷ አልሳቀችም። ከዚህ ከወጣች የሚጠብቃትን ታውቃለች፤ ገጠር፣ አዘና ያለው የወንድሟ የእንየው ጓሮ፣ ከጥጆቹ ቤት አጠገብ ያለች ጎጆ፤ የእንየው ሚስት በየማለዳው «እትዬ፣ ዛሬስ ምን ረዱን?» እያለች የምታቀብላት እንጀራ። ያቺ ሴት ስትሰጥ እንኳ እጇ ወደ ኋላ ይመለሳል። ወርቅነሽ ባሏ የሞተባት ሰሞን ሦስት ወር ተቀምጣ ቀምሳዋለች። ሁለተኛ አልቀምሰውም ብላ ነው እንጅባራ የገባችው፣ እናቷ የሞተችባትን ሶስናን በእጇ ይዛ።

በምሳ ሰዓት ወደ ሶስና ቢሮ ገባች። ሶስና ከወረቀቷ ቀና ብላ «ወይዘሮ ወርቅነሽ፣ ሲገቡ ያንኳኩ» አለቻት። ሥራ ላይ ሕጓ ይህ ነው። ቤት ውስጥ እታለም እያለች በአገውኛ የምትለማመጣት ልጅ፣ ከኮሌጁ በር ስትገባ እርስዎ ትላታለች፤ ያውም እንደ ውርጭ በቀዘቀዘ አማርኛ። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ኃላፊ በሆነች ማግስት፣ «እዚህ በአገውኛ እንዳታናግሪኝ፤ ከገጠር የመጣሁ እመስላለሁ» ብላ አስጠንቅቃታለች። ወርቅነሽ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ይህም ክልክል ነው። ምሳ ዕቃውን ከፈተች። ድንች በቃሪያ ነው። ሶስና ከወዲያ፣ እሷ ከወዲህ፣ ከአንድ ክዳን ላይ ጎረሱ። ሶስና አንድ ጥግ ይዛ ትቆርሳለች፤ ወርቅነሽ ሌላውን ጥግ። መሀሉን የነካው የለም። ውጭ ወታደሮች በሰልፍ ሲያልፉ የጫማቸው ድምፅ መጣና ሄደ። አንደኛዋ ስትውጥ ለሌላዋ ይሰማታል። ድንቹ ግማሽ ሲደርስ ወርቅነሽ «ስሜ ወጥቷል አሉ» አለች።

«መዋቅር ነው» አለች ሶስና።

«መዋቅሩ አፍ አለው? ጠዋት ሲናገር ሰማሁት። ድምፁ ያንቺን ይመስላል።»

ሶስና ጉርሻዋ በእጇ ቀረ። ጆሮዋ ቀላ። ይቅርታ የምትል መስሏት ወርቅነሽ ትንሽ ጠበቀች፤ ልጅቱ ግን መሐረብ አውጥታ ጣቶቿን አንድ በአንድ ጠረገችና «ክዳኑን ሲያነሱ ዘይቱ ወረቀት እንዳይነካ» አለች። ወርቅነሽ ክዳኑን አነሳች። ዘይት አልነካም። ወጣች።

ጄኔራሉ ስምንት ሰዓት ላይ ከዝናቡ እኩል ደረሰ። ሽበታም፣ ረጅም፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ነው፤ ደረጃውን ሲወጣ ኮሎኔሉ ክንዱን ሊይዘው ቢቃጣ በዓይኑ መለሰው። በር ላይ ቆሞ መደርደሪያዎቹን አየና «እኔ ከጎበኘኋቸው ሰልፎች ሁሉ ቀጥ ያለው ይሄ ነው» ብሎ ሳቀ። ኮሎኔሉ ሳቀ። ሶስና ሳቀች። ሃያ የሚሆኑ ዕጩ መኮንኖች ለማንበብ ታዘው ተቀምጠዋልና እነሱም በሥርዓት ሳቁ። ወርቅነሽ ባልዲዋን ይዛ መጨረሻው መስኮት ሥር ቆማለች፤ የጭቃ ጫማ በገባ ቁጥር እንድትወለውል ታዛ።

«ከሃያ ዓመት በፊት እዚህ ሳስተምር የጻፍኳት አንዲት የካርታ ንባብ መማሪያ ነበረች» አለ ጄኔራሉ። «ቀጭን ናት። እኔ ዘንድ ቅጂ የለኝም፤ ሰፈር ስንለውጥ ጠፋችብኝ። ለእነዚህ ልጆች ላሳያቸው። አምጪያት እስቲ፣ ኃላፊዋ።»

ሶስና ወደ ኮምፒውተሩ ሄደች። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። «መብራት ጠፍቶ ነው፣ ጌታዬ» አለች። «በቀን መጽሐፍ ለማንሳት መብራት ምን ያደርጋል?» አለ፤ አሁንም እየሳቀ። ሶስና አንዱን ካኪ አነሳችና ገለጠች፤ ጽጌረዳ። ሌላ አነሳች፤ ውሻ። ሦስተኛው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነበር። ኮሎኔሉ «ተነሱ፣ ፈልጉ!» ብሎ ጮኸ፤ ሃያው ዕጩ መኮንን ተነስቶ መደርደሪያዎቹ ላይ ወረደ። ካኪው ተቀደደ፤ ሳምንት የተለፋበት ወረቀት ወለል ላይ ተከመረ፤ በላዩ ላይ በጭቃ ጫማ ተሄደበት። መጻሕፍቱ ሦስት ሺሕ ይሆናሉ። የጄኔራሉ ሳቅ ቀስ በቀስ ከፊቱ ወረደ። ጉልበቱን ይዞ ተቀመጠና «ጠፋች ማለት ነው» አለ። በቁጣ አይደለም፤ ልጁን እንደተነጠቀ ሰው ነው። ኮሎኔሉ ሶስናን አያት። ያ አስተያየት ምን እንደሆነ ወርቅነሽ ታውቃለች፤ ዛሬ ጠዋት ሶስና ስሟን አሳልፋ ስትሰጥ ይህ ሰው «እኔ ምን ቸገረኝ» ነው ያለው፤ አሁን ተራው የሶስና ነው።

ሶስና በመደርደሪያዎቹ መሀል እየተደናበረች መጨረሻው መስኮት ሥር መጣች። ጎንበስ ብላ፣ በአገውኛ፣ ትንሽ ልጅ ሳለች ሕልም ሲያስፈራት በምታወራበት ድምፅ፣ «እታለም፣ ታውቂያታለሽ አይደል? ስጪኝ፣ ልጥፋልሽ» አለቻት።

ወርቅነሽ መጽሐፏን ታውቃታለች። የት እንዳለችም ታውቃለች። ከሦስተኛው መደርደሪያ፣ ከአጫጭሮቹ መሀል፤ ጀርባዋን ሰባት ቦታ በወስፌ የወጋችው ራሷ ናት፤ ስፌቱ ከካኪው ሥር እንደ ቁስል ጠባሳ ይዳሰሳል። ዝም ብትል በቃ። ይህች ልጅ ነገ ከዚያ ወንበር ትነሳለች፤ ቤት ሲገቡ እኩል ይሆናሉ፤ ሁለት የተባረሩ ሴቶች አንድ ድንች ይልጣሉ። ሐሳቡ ጣፈጣት፤ ጥቂት አፏ ውስጥ አቆየችው። ግን ጠፋች ሲባል መጀመሪያ የሚፈተሸው የጽዳት ሠራተኛ ቦርሳ ነው። ከዚያም በላይ፣ እሷ የሰፋችው ነገር ጠፋ ሲባል ቆማ ልታዳምጥ አልቻለችም። እጇን በቀሚሷ አደረቀች። «ዞር በይ» አለቻት በአማርኛ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። ዕጩ መኮንኖቹን በክርኗ እየገፋች አለፈች፤ ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ ጣቷን በጀርባዎቹ ላይ አስኬደች፣ አቆመች፣ መዘዘች። ሶስና እጇን ዘረጋች፤ አልሰጠቻትም። አልፋት ሄዳ መጽሐፏን በጄኔራሉ ጉልበት ላይ አስቀመጠቻት።

ጄኔራሉ ካኪውን ገለጠ።  ክሩን በአውራ ጣቱ ዳሰሰና «ማን ነው የሰፋት?» አለ።

«እኔ ነኝ።»

«ካኪ ለብሳ በምን ለዩዋት፣ እማማ? ያነባሉ?»

«አላነብም። ጀርባዋን አውቀዋለሁ። ፊቷን የሸፈኑት የሚያነቡት ናቸው።»

ከዕጩዎቹ አንዱ ሳቁን በሳል ደበቀ። ወርቅነሽ ከጀመረች አታቆምም፤ «ባለማንበቤም ዛሬ ጠዋት ስሜ ወጥቷል፤ ሰሌዳው ላይ አራተኛ ነው፤ ሲወጡ ያዩታል» አለች። ጄኔራሉ ኮሎኔሉን አየው። «ኮሎኔል፣ ይሄ ነገር ይስተካከል» አለ። «ይስተካከላል፣ ጌታዬ!» አለ ኮሎኔሉ፤ ተረከዙን አጋጨ። ጄኔራሉ መጽሐፉን በብብቱ ይዞ ወጣ። ተውሶ መዝገብ ላይ አልፈረመም፤ የጠየቀውም የለም።

አሥር ሰዓት ላይ መብራት መጣ፤ ከመብራቱ ጋር ሽባባው መጣ፤ አንድ የታተመ ወረቀትና የማኅተም ቀለም ይዞ። ፊቱ በርቷል። «እማማ፣ ደስ ይበልዎት፣ ተስተካከለ! ጣትዎን ብቻ» ብሎ የቀኝ አውራ ጣቷን ይዞ ቀለሙ ላይ ጫን አደረጋት። ሶስና ከቢሮዋ ወጥታ አጠገቡ ቆመች፤ ዓይኗ እንዳበጠ ያስታውቃል። ወርቅነሽ ጣቷን ወረቀቱ ላይ ከማሳረፏ በፊት ያዝ አደረገችው።

«ምን ይላል?»

«ይስተካከል የተባለው ነዋ።»

«አንተን አይደለም። ሶስና፣ አንብቢልኝ።»

ሶስና ወረቀቱን ተቀበለች።  «ወይዘሮ ወርቅነሽ… በዳንግላ ከተማ የማታ ትምህርት ተከታትለው ስምንተኛ ክፍል ያጠናቀቁ ሲሆን፣ ማስረጃቸው ከማኅደራቸው ጋር ሳይያያዝ በመቅረቱ በስህተት ከዝርዝሩ…» እዚያ ላይ ቆመች።

«ዳንግላን የማውቃት ከአውቶቡስ ወርጄ በጋሪ ገበያዋ ድረስ ነው» አለች ወርቅነሽ። «ማታዋን አይቼው አላውቅም። ጠዋት ፊደል አትቆጥርም ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ጀምበር ሳትጠልቅ ስምንተኛ ክፍል አደረስሽኝ። እንዲህ የሚፈጥን ትምህርት ካለ ለእነዚያ ለሚተኙት አስተምሯቸው።»

«ኮሎኔሉ ናቸው እንዲህ ይጻፍ ያሉት፣ እማማ» አለ ሽባባው። «ሌላ መንገድ የለውም። መዋቅሩ…»

«አለው። ጻፍ። ወርቅነሽ ፊደል አትቆጥርም፤ መጻሕፍቱን ግን ከእኛ ይልቅ ታውቃለች፤ ስለዚህ ትቆይ፤ ብለህ ጻፍ። እሱ ላይ በአሥሩም ጣቴ እፈርማለሁ።»

ሽባባው ግራና ቀኝ አየ። «እንዲህ ተብሎ አይጻፍም። ኮሌጁን ያስወቅሳል።»

«ውሸቱስ አያስወቅስም?»

«ውሸቱ ማኅተም አለው» አለ ምስኪኑ፤ የተናገረውን ራሱ የሰማው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው።

ሶስና ክንዷን ያዘቻት። ሰው መኖሩን ረስታ በአገውኛ ነበር የምትናገረው። «እታለም፣ ተይ። አንዲት ጣት ናት። የእንየው ጓሮ ልትገቢ ነው? ለዚያች ሴት እጅ?» ይሄኛው ወጋት። ወርቅነሽ የጥጆቹን ቤት ሽታ አፍንጫዋ ላይ አገኘችው፤ ወደ ኋላ የሚመለሰውን እጅ አየችው። ጣቷ ከወረቀቱ በላይ አንድ ስንዝር ላይ ቆመች። ከቆርቆሮው ላይ ዝናቡ መውረዱን ተወ፤ ቤቱ እንደ ቤተ መጻሕፍት ጸጥ አለ፤ በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ጸጥ ብሎ አታውቀውም።  ሽባባው ወረቀቱን ወደ ጣቷ ትንሽ አስጠጋላት።

«አንቺ ያለማወቄን አሳልፈሽ ሰጠሽ» አለች ለሶስና፣ በቀስታ። «እሺ፣ የኔ ነው፤ እውነት ነው፤ አልተጣላሁሽም። የማውቀውን ግን ያልተማርኩት ትምህርት እንዲወስድብኝ አልፈቅድም። ነገ ከነገ ወዲያ ወርቅነሽ እንዴት አገኘችው ሲባል፣ ስምንተኛ ክፍል ስለሆነች ነው ትላላችሁ።»

ወገቧን ፈትታ ሽርጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ባልዲውን አንስታ ውሃውን ውጭ ደፋችና ገልብጣ ጥግ አስቀመጠችው፤ ጨርቁን በላዩ ዘርግታ አሰጣችው። ከዚያ ወደ በሩ ሄደች። በሩ ለጄኔራሉ ሲባል ትናንት ነጭ ቀለም የተቀባ ነው። መቃኑን በግራ እጇ ደገፍ አለችና የቀኝ አውራ ጣቷን፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት ቁመት ላይ፣ ሳትቸኩል አሳረፈች። ስታነሳው አሻራዋ ጥቁር ሆኖ፣ መስመሩ ሁሉ ተቆጥሮ ቀረ።

«ወይዘሮ ወርቅነሽ! በሩን!» አለች ሶስና፣ በአማርኛ።

ወርቅነሽ ደረጃውን እየወረደች ነበር። ዞር አላለችም።

«ስምንተኛ ክፍል የጨረሰችዋ ትጠበው» አለች።